«ለማን?»፦ የ«ጊቭ አፕ» ታሪክና ትርጉሞች

የዚህ ጽሑፍ መነሻ አንዲት እናት በ1971 ዓ.ም. የጠየቁኝ ባለ አንድ ቃል ጥያቄ ነው። ጥያቄው «ለማን?» የሚል ሲሆን የተነሣውም «ጊቭ አፕ» ከሚባለው የእንግሊዝኛ ግሥ ነው። በጊዜው መልስ አልነበረኝም። በኋላ ቋንቋ ማጥናትና ማስተማር ሥራዬ ሆኖ ነገሩን ስከታተለው ግን ጥያቄው የእኔን ስሕተት ብቻ ሳይሆን የግሡን የብዙ መቶ ዓመታት ታሪክ የሚከፍት ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ በመጀመሪያ ጥያቄው እንዴት እንደ መጣ ልናገርና ወደ ታሪኩ ልለፍ። የውጭ አገር ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን፣ የአገራችን ግን ዓ.ም. ተብለው መለየታቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

በ1971 ዓ.ም. ጎንደር ከተማ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። አጥር ለአጥር የምንዋሰን፣ የሰፈሩ ልጆች ሁላችን እትዬ እያልን የምንጠራቸው ጎረቤት ነበሩን። የመጨረሻ ልጃቸው ከዚያ በፊት አንድ ሌሊት ወጥቶ ቀርቷል። ወዴት እንደ ሄደ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሲጠየቅ ግን ሰፈሩ ሁሉ አያውቅም። በጥቅምት ወር አንድ ምሽት አስጠሩኝና በሩን ዘግተው፣ ራዲዮኑን ከፍ አድርገው፣ አራት ቦታ የታጠፈች ቁራጭ ወረቀት ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጡኝ። ያደረሰላቸው ሱዳን የሚመላለስ ነጋዴ ነው። ስም የለባትም፤ ቀንም የለባትም። ጸሐፊዋ በገዳሪፍ አካባቢ ስደተኞችን የምታክም የውጭ አገር ነርስ እንደ ሆነች ነጋዴው በቃል ነግሯቸዋል።

ወረቀቷ ላይ የነበሩት አራት አጫጭር የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገሮች ናቸው። ሦስቱ አላስቸገሩኝም። ልጅዎ በክረምቱ እኛ ዘንድ መጣ፤ በጣም ታሞ ነበር፤ አሁን ይበላል። ከ«ታሞ ነበር» ቀጥሎ ባለው በሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ግን «ጊቭ አፕ» የሚለው ግሥ ገብቷል፤ በ«ጊቭ»ና በ«አፕ» መካከልም «እሱን» የሚል ተውላጠ ስም ቆሟል። «ጊቭ» መስጠት መሆኑን ከልጅነቴ ጀምሮ ዐውቃለሁ። «ጊቭ አፕ» ደግሞ የጦርነት ታሪክ ባለበት ምንባብ ውስጥ «ማስረከብ» ተብሎ ተፈትቶልን ነበር። ሁለቱን አገናኝቼ «አሳልፈን ሰጥተነው ነበር» ብዬ አነበብሁላቸው።

እትዬ ጥቂት ዝም ብለው «ለማን?» አሉኝ።

ወረቀቷን ገለበጥሁ፤ ጀርባዋ ባዶ ነው። እንደ ገና አነበብሁ። ማን እንደ ሰጠ አለ፤ ማን እንደ ተሰጠ አለ፤ ለማን እንደ ተሰጠ የሚናገር ቃል ግን የለም። «አይልም» አልኋቸው። «ሰጠሁ ብሎ የጻፈ ሰው ለማን እንደ ሰጠ አይልም?» አሉና ወረቀቷን ከእጄ ተቀብለው ምድጃው ውስጥ ከተቷት።

ጥያቄያቸው ከሰዋስው አንጻር እንከን የለበትም። የአማርኛው «ሰጠ» ሰጪ፣ ተሰጪና ተቀባይ ይፈልጋል፤ አንዱ ከተጓደለ ሰሚው ይጠይቃል። «አሳልፎ ሰጠ» ሲሆን ደግሞ ተቀባዩ ባይጠራም ጠላት መሆኑ የታወቀ ነው። የእንግሊዝኛው ግሥ ግን ተቀባዩን ከጊዜ በኋላ የዋጠ ግሥ ነው። የምተርከውም እንዴት እንደ ዋጠው ነው።

እንግሊዝኛ አንድን ተራ ግሥ ወስዶ «ላይ፣ ታች፣ ውስጥ፣ ውጭ» እንደሚሉት ያለች ትንሽ ቃል ሲያስከትልበት፣ ከሁለቱ የተናጠል ፍች ሊገመት የማይችል ሦስተኛ ፍች ብዙ ጊዜ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ጥምር እኔ እዚህ ሐረጋዊ ግሥ እለዋለሁ። እንግሊዞች ራሳቸው ስም ያወጡለት ቆይተው ነው፤ ዛሬ የሚጠራበትን «ፍሬዛል ቨርብ» የሚለውን ስም ሎጋን ፒርሳል ስሚዝ በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ አስተዋወቀ፤ ስሙን የጠቆመውም የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ የነበረው ሄንሪ ብራድሊ እንደ ሆነ ጻፈ።

ነገሩ ባዕድን እንደሚያስቸግር ግን ከዚያ አስቀድሞ ታውቋል። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባወጣው መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ የውጭ አገር ሰዎችን ከሁሉ አብልጦ የሚያስቸግራቸው ይህ የግሥና የትንሽ ቃል ጥምረት እንደ ሆነ ገልጿል፤ ስለዚህም ጥምሮቹን በጥንቃቄ እየለቀመ አስገብቷቸዋል። «ጊቭ አፕ»ንም ለብቻው አውጥቶ መልቀቅ፣ መተው፣ ማስረከብ እያለ ፈትቶታል። ይህ ጆንሰን ለእኛ እንግዳ አይደለም። በወጣትነቱ፣ በ1735፣ ኢየሱሳዊው ሎቦ ስለ ሐበሻ የጻፈውን የጉዞ ታሪክ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሷል፤ በ1759 ደግሞ ራሴላስ የተባለውን የሐበሻ ልዑል ታሪክ ጽፏል፤ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ የመለሱት ይህንኑ ነው። አገራችንን ሳያይ ስለ አገራችን የጻፈ ሰው፣ እንግሊዝን ሳያይ እንግሊዝኛ የሚያነብ ልጅ የት ላይ እንደሚሰናከል አስቀድሞ ማወቁ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

እርግጥ እኛም ለባዕድ ያስቀመጥነው መሰናክል አለን። «አለ» ማለት «ተናገረ» እንደ ሆነ የተማረ ፈረንጅ «ቁጭ አለ»፣ «ብድግ አለ» ሲመጣበት ሰውየው ምን እንዳለ ሲፈልግ ይውላል። «ዝም አለ» ላይ ሲደርስማ አማርኛ የሚቀልድበት ይመስለዋል።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። «ጊቭ አፕ» ተጽፎ ከምናገኝባቸው ጥንታውያን ቦታዎች አንዱ በፒተርቦሮ ገዳም የተጻፈው ዜና መዋዕል ነው። መነኩሴው የመጨረሻውን ክፍል የጻፈው ንጉሥ ስቲቨን ባረፈበት በ1154 ገደማ ሲሆን፣ የሚተርከውም ስቲቨንና የቀድሞው ንጉሥ ልጅ ማቲልዳ በዙፋን ስለ ተጣሉበት ክፉ ዘመን ነው። በ1139 ስቲቨን ኦክስፎርድ ላይ ጉባኤ ጠርቶ የሶልዝበሪውን ጳጳስ ሮጀርን፣ የሊንከኑን ጳጳስ አሌክሳንደርንና ቻንስለሩን ሮጀርን ያዘ። ጳጳሳቱ ከመስቀሉ ይልቅ ምሽግ መገንባት የወደዱ ሰዎች ነበሩ። ዜና መዋዕሉ እንደሚለው ምሽጎቻቸውን እስኪያስረክቡ ድረስ ታሰሩ። «እስኪያስረክቡ» ብዬ የመለስሁት ቃል «ጊቭ አፕ» ነው።

የዚያን ጊዜ ሌላው ታሪክ ጸሐፊ ኦርደሪክ ቪታሊስ በዚህ ላይ አንድ ነገር ይጨምራል። ከምሽጎቹ አንዱ ዲቫይዝስ ላይ ነበር፤ ዋናውን ግንብ የያዘችውም የጳጳሱ የሮጀር ውሽማ፣ የቻንስለሩ የሮጀር እናት፣ ማቲልዳ የተባለች ሴት ናት። ንጉሡ ልጇን እሰቅለዋለሁ ብሎ ሲዝት ልጄን ብላ ግንቡን ለቀቀች። እንግዲህ ግሡ በእንግሊዝኛ መጻፍ በጀመረበት ዘመን ሦስቱም ወገኖች በቦታቸው አሉ፤ ሰጪዋ እናት ናት፣ የሚሰጠው ግንብ ነው፣ ተቀባዩ ደጅ የቆመው ንጉሥ ነው። እትዬ እዚያ ቢኖሩ «ለማን?» ብለው አይጠይቁም ነበር።

ግሡ ራሱ ድብልቅ ነው። የጥንቱ እንግሊዝኛ «ሰጠ» የሚለውን ቃል የሚጀምረው በ«ይ» ድምፅ ነበር፤ የፒተርቦሮው መነኩሴም «ሰጡ»ን የጻፈው «ያፈን» ተብሎ በሚነበብ ሆሄ ነው። የዛሬው «ግ» የመጣው ከስካንዲናቪያ ተሻግረው በሰሜንና በምሥራቅ እንግሊዝ ከሰፈሩት ሰዎች አንደበት ነው። እነዚሁ ሰዎች በቋንቋቸው «ጌቫ ኡፕ» ይሉ ስለ ነበርና ፒተርቦሮም እነሱ ባቀኑት ወገን ስለምትገኝ፣ ጥምሩ ከእነሱ የተወሰደ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ አሉ። እኔም ከዚህኛው ወገን ነኝ። እዚህ ላይ «አፕ» መውጣትን አያመለክትም፤ ነገሩ ሙሉ በሙሉ መፈጸሙን እንጂ። «በላ» በሚለው ላይ ሲጨመር እኛ «ጥርግ አድርጎ በላ» የምንለውን ይሰጣል። ያልተረፈው፣ ያልተመለሰው ስጦታ ነው «ጊቭ አፕ»።

ነገር ግን ታሪኩ ቀጥ ያለ መስመር ነው ብል አንባቢን አሳስታለሁ። ከዚህ ጥምር በፊት ጥንታዊው እንግሊዝኛ ትንሿን ቃል ከግሡ ፊት እየለጠፈ «ኦፍዪቫን» ይል ነበር፤ ፍቹም ትቶ መሄድ ነው፤ ተቀባይም አይፈልግም። ቤዎልፍ በተባለው ጥንታዊ ግጥም ውስጥ ሕሬጠል የሚባል ንጉሥ አለ። አንደኛው ልጁ ቀስት ስቶ ሌላውን ልጁን ገደለበት። ገዳዩን እንዳይበቀል ልጁ ነው፤ ሟቹን እንዳይረሳ ልጁ ነው። በዚያው ኀዘን የሰውን ደስታ ትቶ ሞተ ይላል ገጣሚው፤ «ትቶ» የተባለውም ይህ «ኦፍዪቫን» ነው። ያ አሮጌ ግሥ በኋላ ከቋንቋው ጠፋ፤ ውርሱን ግን «ጊቭ አፕ» ወሰደ። እንግዲህ ከስካንዲናቪያ በኩል ማስረከብን፣ ከጥንቱ እንግሊዝኛ በኩል ትቶ መሄድን ይዞ አንድ ቃል ሁለት ሸክም ተሸከመ።

መጽሐፍ ቅዱስን በ1611 የተረጐሙት እንግሊዞች ስለ ሞት ሲናገሩ ይህንኑ ግሥ ከነፍስ ጋር አጣምረውታል። የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 23 ላይ ጌታ ነፍሱን ሲሰጥ ተቀባዩ በዚያው ቁጥር ተጠርቷል፤ አብ ነው። ዘፍጥረት ምዕራፍ 25 ላይ አብርሃም ሲያርፍ ግን ያው ሐረግ አለ፣ ተቀባዩ ግን አልተጠራም፤ አንባቢው ያውቀዋል ተብሎ ታልፏል። ዛሬ ደግሞ እንግሊዞች መኪናቸው አልነሣ ሲል በዚሁ ሐረግ ነፍሷን ሰጠች ይላሉ፤ የመኪና ነፍስ ተቀባይ ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ የለም።

በዕለት ኑሮ ያለውን አጠቃቀም ስናይ ተቀባዩ እየደበዘዘ የሚሄድበት ደረጃ ይታያል። ታኅሣሥ 1 ቀን 1955 ሮዛ ፓርክስ ሞንትጎመሪ ከተማ አውቶቡስ ውስጥ መቀመጫዋን አልለቅም ስትል፣ በእንግሊዝኛ «ጊቭ አፕ» አላደረገችም ይባላል፤ ተቀባዩ አለ፣ ቆሞ የሚጠብቅ ነጭ ተሳፋሪ ነው። ሰው ሥራውን «ጊቭ አፕ» ሲያደርግ እኛ «ለቀቀ» እንላለን፤ ተቀባዩ ቢኖርም ባይኖርም ግድ የለም። ሲጋራ ሲሆን «ተወ» ወይም «አቆመ» ነው፤ እዚህ ተቀባይ ጭራሽ የለም። በጾማቸው ሰሞንም አንተ ዘንድሮ ምን «ጊቭ አፕ» አደረግህ ይባባላሉ፤ አንዱ ቸኮሌት፣ አንዱ መጠጥ ይላል። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል በአንድ ላይ ለ55 ቀን የሚከለከል የአገራችን ጾመኛ ይህን ሲሰማ ፈገግ ሊል ይችላል። በመጨረሻ ግሡ ያለ ተሳቢ ብቻውን ይቆማል፤ «ጊቭ አፕ» አደረግሁ ማለት በቃኝ፣ አልቻልሁም ማለት ይሆናል። ሰጪው ብቻ ቀረ።

ይህንን የመጨረሻውን አጠቃቀም ከእኛ ጋር ለማስተያየት ከእንቆቅልሽ የተሻለ ቦታ አላገኘሁም። እንግሊዛዊ ልጅ እንቆቅልሽ ሲያቅተው «ጊቭ አፕ» ይላል፤ ጨዋታው በዚያው ያልቃል። ምን ሰጠ? ለማን ሰጠ? የሚታወቅ ነገር የለም። የእኛ ልጅ እንዲህ በርካሽ አይወጣም። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይቀበላል፤ መልሱ ሲጠፋው «አገር ስጠኝ» ይባላል። ተሸናፊው ጎንደርን ሰጠሁህ፣ ጎጃምን ሰጠሁህ እያለ ያቀርባል፤ ጠያቂው ያልወደደውን ይመልሳል፣ የወደደውን ይቀበልና እዚያ አገር ገብቶ እንዴት እንደ በላና እንደ ጠጣ እየኮራ ተናግሮ ነው መልሱን የሚገልጠው። ሰጪ፣ ተሰጪ፣ ተቀባይ፤ አንዱም አልጎደለም። በልጆች ጨዋታችን ውስጥ ያለው የ1139ኙ «ጊቭ አፕ» ነው፤ አልቻልሁም ማለት ግንብ ማስረከብ ነው። አያቴ ቤት ስንጫወት ጎንደርን የሰጠ ልጅ ሲሰደብ እንደ ነበር አስታውሳለሁ፤ የራሱን አገር ሰጥቷላ!

ከዚሁ ጋር የሚምታታ ሌላ ጥምር ስላለ በአጭሩ ላንሣው፤ እሱም «ጊቭ ኢን» ነው። ዊንስተን ቸርችል ጥቅምት 29 ቀን 1941 በሃሮው ትምህርት ቤት ባደረጉት ንግግር ደጋግመው የተናገሩት «ጊቭ ኢን» እንዳትሉ ነው፤ ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ «ጊቭ አፕ» እያሉ ይጠቅሱታል። «ጊቭ ኢን» የሚገፋ ሰው ይፈልጋል፤ ለእሱ መንበርከክ ነው። «ጊቭ አፕ» ግን ማንም ሳይገፋ፣ ሰው ብቻውን ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ሊያደርገው ይችላል።

እኛ ለዚህ ለመጨረሻው ፍች «ተስፋ ቆረጠ» የሚል አለን፤ አማርኛ ስጦታ ሳይሆን መቁረጥ አድርጎ ነው ያየው። የነርሷ ዐረፍተ ነገርም ፍቹ እዚህ ዘንድ ነበር። እንግሊዝኛ ሰውን የ«ጊቭ አፕ» ተሳቢ ሲያደርግ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወንበዴን ለፖሊስ ከሆነ አሳልፎ መስጠት ነው። በሽተኛን ሐኪም ከሆነ ግን አይተርፍም ብሎ ተስፋ መቁረጥ ነው፤ የዘገየ እንግዳን ባለቤቶቹ ከሆኑም ቀረ ማለት ነው። ዛሬ ለዚህ ለሁለተኛው ብዙ ጊዜ «ኦን» የምትል ቃል ስለሚጨምሩበት መለየቱ ይቀላል። በነርሷ ወረቀት ላይ «ኦን» አልነበረችም። ያም ሆኖ «በጣም ታሞ ነበር» ከሚለው ቀጥሎ መምጣቱ ይበቃኝ ነበር። እኔ ግን ዐረፍተ ነገሩን ከጎረቤቱ ለይቼ፣ ግሡን ብቻ ይዤ ቀረሁ።

እትዬ በበኩላቸው ዐረፍተ ነገሮቹን አገናኝተዋቸዋል። ልጁ ተላልፎ ተሰጥቷል፤ «አሁን ይበላል»። በዚያን ዘመን አንድ እናት ልጇ ይበላል ሲባል የምታስበው ስንቅ ነው። በማግሥቱ እንጀራ ቋጥረው ወደ አንድ እስር ቤት ደጃፍ ሄዱ። የልጁን ስም ከነአባቱ ተናገሩ፤ ተጻፈ፤ የለም ተባሉ። በሁለተኛው ቀን ሌላ ደጃፍ ሄደው እዚያም ስሙን ተናገሩ። በሦስተኛው ቀን ልጅዎ ከየት ተላልፎ ነው የሚመጣው፣ ማንስ ነገረዎት ተብለው እዚያው ቀሩ። አሥራ አንድ ቀን ቆዩ። ወረቀት አለ አላሉም፤ የእኔንም ስም አልጠሩም።

እኔ በአምስተኛው ቀን ገደማ ዐረፍተ ነገሩን ከመጽሐፍ ያገኘሁት አስመስዬ ለእንግሊዝኛ አስተማሪያችን አቀረብሁለት። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ሐኪሞቹ አይድንም ብለው ነበር ማለት ነው» አለኝ። እስኪፈቱ ድረስ ያንን ፍች ይዤ መቆየት ነበረብኝ።

የተፈቱ ዕለት ማታ ሄጄ እግራቸው ላይ ወድቄ ነገርኋቸው። «እትዬ፣ ተሳስቼ ነው። አልሰጡትም። ይሞታል ብለው ነበር ነው የሚለው፤ አሁን ግን ይበላል።» አነሡኝና «በእርግጥ ይበላል?» አሉ። ይበላል አልሁ። ጥቂት አሰቡና «ታዲያ ለእግዚአብሔር ሰጥተውት ነበር አትለኝም ኖሯል፣ ልጄ!» አሉኝ። የዚህን ግሥ ታሪክ ሳጠና ለሐኪምና ለበሽተኛ ከዚህ የቀረበ ትርጉም አልገጠመኝም።

ልጃቸው በ1984 ዓ.ም. ተመለሰ። ታሞ የነበረው ካላዛር እንደ ነበር፣ ነርሷም ወረቀቷን ስትጽፍ እሱ እንዳላወቀ ነግሮኛል። እኔ ግን ዐረፍተ ነገሩን ደግሜ አላየሁትም፤ የጠቀስሁት በቃሌ ከያዝሁት ነው። ምናልባት ወረቀቷ ላይ «ኦን» የምትለዋ ቃል ኖራ ዓይኔ ዘሏት እንደ ሆነ አሁን ማረጋገጫ የለኝም፤ እትዬ ምድጃው ውስጥ የከተቷት ወዲያው ነበርና።